ለአሜን የሚተው ቦታ

ሰሞኑን ልጄ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ሽማግሌ ሆና እንድትጫወት ተመርጣ፣ ከሥራ ስገባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጥጥና ኮላ ዘርግታ ጢም ስትሠራ አገኘኋት። ግማሹን አገጯ ላይ ለጥፋዋለች፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቋል። ልቆጣ አፌን ስከፍት የኮላው ሽታ ቀደመኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኮላ፣ ጥጥ፣ በዚያ ላይ የአዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀት። ይህ ሽታ ለኔ የአንድ ዓመት ሁዳዴ ነው።

በዚያ ዓመት ሥራ ነበረኝ። ገና ጥርሴ እየወለቀ የሚተካበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፣ ግን ሥራዬን በሚገባ እሠራ ነበር። ሥራዬ በአያቴና በአክስቴ መካከል ቃል ማመላለስ ነበር። አንዱ አንድ ሰፈር፣ ሌላው ሌላ ሰፈር የሚኖሩ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም የሚቀመጡት እዚያው አንድ ሳሎን ውስጥ ነው፤ አባባ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበራቸው፣ እታለም ደግሞ ከፊት ለፊታቸው አልጋው ጫፍ ላይ።

"ለአክስትሽ ንገሪያት" ይላሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ። "በሩን ትዝጋው፣ አቧራው ገባ።"

እኔ ከምንጣፌ ተነስቼ እታለም ፊት እቆማለሁ። "በሩን ዝጊው፣ አቧራው ገባ ብለዋል።"

"እሺ፣ እዘጋዋለሁ፤ ግን ሙቀቱ አይበዛብዎትም ወይ ብላለች በያቸው።"

ተመልሼ ይህንንም አደርሳለሁ። እዚያው አጠገባቸው ሆና የተናገረችውን እንደማያውቅ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙኛል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ቃሉን ብቻ አላደርስም። የአባባን ሳደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቅንድቤን አጥፌ፣ የእታለምን ሳደርስ አንገቴን ሰበቅ አድርጌ ነው። አባባ እንዳይስቁ ጢማቸውን ይይዙ ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና "እንዲያው ይህች ልጅ ሌባ ብትሆን ይሻላት ነበር" ትላለች። ምን ማለቷ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ኩራት ቢጤ ግን ነበረበት።

እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ስሟ ስንዱ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት፤ ስሟን የሚጠሩት አባባ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሁዳዴ እሳቸውም ተዉት፤ "አክስትሽ" ሆነች።

የነገሩ ምንጭ እንዲህ ነው። አባባ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ ከጡረታ በኋላ ያገኙት ትልቁ ሥራ ሽምግልና ነበር። በሰፈራችን ባልና ሚስት ቢኮራረፍ፣ ወንድማማች በአጥር ቢጣላ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እርቁ ሲያልቅ ይነሱና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። የአባባ ምርቃት የታወቀ ነበር። አንድ ቃል ይላሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ሰዉ ሁሉ "አሜን" እስኪል ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄዱት። አንድ ቀን ለምን እንደሚቆሙ ጠይቄያቸው "ምርቃት ሩጫ አይደለም፣ መልእክተኛዬ። ለአሜን ቦታ ይተዋል። ቦታ ካልተውሽለት የተመራቂው ድርሻ የት ይገባል?" አሉኝ።

ታዲያ ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ ሚስቱን የደበደበ ሰው ሊያስታርቁ ሄደው፣ ሰውየው ተግሣጹ ሲበዛበት "እርስዎ መጀመሪያ የራስዎን ልጅ ይምከሩ። ቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ ከሁሴን ልብስ ሰፊው ጋር ስትሞሸር ከተማው ሁሉ አይቷል" አላቸው። አባባ አላወቁም ነበር። እታለም ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው፤ ማታ ማታ የምታመሸው ሥራ በዝቶ ይመስላቸው ነበር እንጂ የቴአትር ክበብ መግባቷን የነገራቸው የለም። ሽማግሌ በሰው ፊት ሲዋረድ እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤ ቤት ሲገቡ ግን አየኋቸው። ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ልጅ ጋር አፍ ለአፍ አንገናኝም" አሉ። እታለም አለቀሰች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በማግስቱ ሥራ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

እታለም ልምምድ ስትሄድ አንዳንዴ እኔን ይዛኝ ትሄድ ነበር። አዳራሹ በቆርቆሮ የተሸፈነ ስለሆነ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ወንበሮቹ ከጀርባ ይጣበቃሉ። በአንድ ጥግ ክራር የሚቃኝ አለ፣ በሌላው ጥግ በትዕይንቶቹ መካከል እየወጣ ሰው የሚያስቅ ጎረምሳ የራሱን ቀልድ ለራሱ እያወራ ይስቃል። መሃል ላይ ሁሴን ልብስ ሰፊው አለ። የወሎ ልጅ ነው፤ ቀን ቀን ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ሱሪ ያሳጥራል፣ ማታ ጥጥ በኮላ ለጥፎ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይሆናል።

አዲሱ ቴአትር ውስጥ እታለም ልጁ ናት። ከቤት ጠፍታ ከተማ ሄዳ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳ እግሩ ላይ ትወድቃለች። እሱ ፊቱን ያዞርባታል። ታለቅሳለች። እንደገና ያዞርባታል። ይህንን ባየሁ በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሁሴን ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ "እንዴት ነሽ፣ የኔ ቆንጆ?" ቢለኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላም፣ በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። በመጨረሻ ለእታለም ከሰሰኝ።

እታለም እየሳቀች አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ስሚ፣ እዚያ ላይ የተባለ ነገር አይቆጠርም። ሁሴን አልተቀየመኝም፣ አባቴም አይደለም። ባለፈውም አላገባኝም። ከመድረክ ስንወርድ ሁሉም ነገር እዚያው ይቀራል። ገባሽ?"

"ለቅሶሽም አይቆጠርም?"

ትንሽ አሰበች። "ለቅሶዬም" አለች።

ይህን ትምህርት ያዝኩት። ባልይዘው ይሻለኝ ነበር፤ በኋላ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ጾሙ ሲጋመስ እታለም አዲስ አበባ ደርሳ መጣች። ለእናቴ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ስትነግራት ሰማሁ። አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ፈተና ሰጥቷት አልፋለች፤ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ትጀምራለች። እናቴ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ እታለም "ሳይመርቁኝ አልሄድም" አለች። "ሳይመርቁኝ ከወጣሁ እንጀራዬ አይሆንም። እቀራለሁ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን ያለው ነገር ሁሉ ይህ ሆነ። እኔ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቃል ማመላለስ ሥራዬ አይደል? ሳሎን ገብቼ አባባ ፊት ቆምኩ፤ እታለም ከኋላዬ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

"አባባ፣ እታለም አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች። ይመርቁኝ ብላለች።"

ካውያው ቆመ። አባባ መስኮቱን ብዙ ጊዜ አዩት። ውጭ ነፋሱ አቧራውን እያዞረ የጎረቤቱን የፓፓያ ዛፍ ያወዛውዝ ነበር።

"ለአክስትሽ ንገሪያት" አሉ በመጨረሻ። "ምርቃት በሰው አፍ አይላክም።"

ይህን ለማድረስ ዞር ስል እታለም ካውያውን አስቀምጣ ወጥታ ነበር። ከሥራዬ ሁሉ ሳላደርሰው የቀረሁት መልእክት እሱ ብቻ ነው። ለነገሩ ሰምታዋለች።

ፋሲካ ደረሰ፤ ተፈሰከ። አባባና እታለም ከአንድ ትሪ ዶሮ በሉ፤ እንቁላሉን በኔ በኩል "ለአክስትሽ ስጫት" ብለው አሳለፉላት። እታለም ሻንጣዋን አልጋው ሥር አድርጋዋለች፤ ሞልታዋለች፣ አልዘጋችውም።

በማግስቱ አባባ እንደየዓመቱ ኦቦ ለሚን ለመጠየቅ ወለንጪቲ ሊሄዱ ተነሱ። ኦቦ ለሚ የባቡር ዘመን ጓደኛቸው ናቸው፤ ሁለቱ አብረው ሲሸመግሉ አንዱ በአማርኛ አንዱ በኦሮምኛ ይይዙታል፣ የሚያመልጣቸው የለም ይባል ነበር። እኔን ይዘውኝ ሄዱ። እታለምም በዚያው ጠዋት ከክበቡ ጋር ወለንጪቲ መሄዷን አውቅ ነበር። ግን ማንም ንገሪ አላለኝም። መልእክተኛ ደግሞ ያልተላከውን አይናገርም።

ኦቦ ለሚ በራቸው ላይ "አካም ጅርታ፣ ወዳጄ!" ብለው አቀፏቸው። በላን፣ ጠጣን። ፀሐይ በረድ ስትል ኦቦ ለሚ ዱላቸውን አነሱ። "ከአዳማ ልጆች ቴአትር ይዘው መጥተዋል፣ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው። ና እንይ።"

"እኔና ቴአትር አንዋደድም" አሉ አባባ።

"እኔም አላውቀው። እንግዳዬ ነህ፤ እኔ ወጥቼ አንተን ቤት ትቼህ ልሂድ?"

ባለቤት ና ያለውን እንግዳ እንቢ ማለት ነውር ነው። አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

መድረኩ አንድ አይሱዙ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አቁመውት፣ የጭነቱን ጎኖች አውርደው፣ ከኋላ አበባ ያለበት አንሶላ ወጥረውበታል። አንሶላውን አወቅሁት፣ የኛ ነው። ለሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት አግዳሚ ወንበር ተለቀቀላቸው። ክራሩ ተመታ፣ ያ ጎረምሳ ቀልዱን ቀለደ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ኦቦ ለሚ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አንሶላው ተገለጠና እታለም ወጣች።

የአባባን ፊት ለማየት ፈራሁ። እጃቸውን ግን አየሁት፤ ከዘራው ላይ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም። ይነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሱም፤ በኦቦ ለሚ ፊት እንዴት ይነሳሉ? እታለም ተመለሰች፣ ወደቀች፣ ሁሴን ፊቱን አዞረባት፣ አለቀሰች። ከኋላችን ያሉ ሴቶች ከንፈር መጠጡ። አንዷ "ኧረ ይቅር በላት፣ አንተ ጨካኝ" አለች ጮክ ብላ።

መጨረሻው ላይ ሁሴን ይቅር ይላታል፣ ይመርቃታል፣ አንሶላው ይዘጋል። እንዲህ ነበር የተለማመዱት። የወለንጪቲ ነፋስ ግን ልምምድ ላይ አልነበረም። ልክ ሁሴን ከበርጩማው ሲነሳ ከሜዳው ጫፍ መጣና የጥጥ ጢሙን ከአንድ ወገን ገነጠለው። ላቡ ኮላውን አሟሙቶት ነበርና ሌላውም ወገን ይከተል ጀመር። ሁሴን በግራ እጁ አገጩን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፣ ቀኙን ብቻ ዘርግቶ፣ ጢሙ ሳያልቅ ምርቃቱን ለመጨረስ እንደ ስፌት መኪናው ተንጣጣ።

"ተመረቂ ውለጂ ክበጂ እደጊ ተመንደጊ ከክፉ ይጠብቅሽ..."

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።"

የአባባ ድምፅ ነው። ቆመዋል። ሁሴን አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"በአንድ እጅ ይመረቃል እንዴ? ምርቃት እንዲህ ይሮጣል? ልጅቱ መች አሜን አለች?"

ሰዉ የቴአትሩ ክፍል መሰለው፤ አጨበጨበ። አባባ ወደ አይሱዙው ሲራመዱ ጎረምሶች ዘለው ወርደው ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። እኔ አግዳሚው ላይ ቆሜ ነበር፤ ኦቦ ለሚ ከኋላ ቀሚሴን ይዘውኛል። ሁሴን ያን ጊዜ ያደረገውን ዛሬም አልረሳሁለትም። አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እታለምን አየ። ከዚያ ጢሙን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ "እርስዎ እያሉ እኔ መመረቅ አይገባኝም፣ አባቴ። ይመርቁልኝ" አለና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

እታለም እንደተንበረከከች ናት። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

አባባ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ነፋሱም ያወቀ ይመስል ቀለል አለ።

"ስንዱ" አሉ።

ያን ስም ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

"እግዜር መውጫ መግቢያሽን ይባርክ።" ቆሙ። የወለንጪቲ ሰው በሙሉ አሜን አለ።

"ቃልሽ ይሰማ።" አሜን።

"የሄድሽበት አገር ይቅናሽ። እንደወጣሽ አትቅሪ።" አሜን። ኦቦ ለሚ ከሁሉ በላይ ጮኸው አሉ።

የሚቀጥለው ቃል ዘገየ። ረስተው መሰለኝ፤ እሳቸው ደግሞ አይረሱም።

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስትቆሚ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የሰው ፊት አይግረፍሽ።"

ሰዉ አሜን ሲል በመካከሉ የእታለምን ድምፅ ለየሁት። ዘግየት ብሎ ነው የመጣው። አባባም ሲጠብቁት ነበር፤ እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም። ከዚያ ጎንበስ ብለው "እንትፍ፣ እንትፍ" አሉባት፣ ክንዷን ይዘው አስነሷት፣ አንሶላው ተዘጋ።

ወደ አዳማ የተመለስነው በመጨረሻው ሚኒባስ ነው። ሰው ሁሉ በደስታ ይቀልዳል፣ እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። እዚያ ላይ የተባለ ነገር አይቆጠርማ። እታለም እራሷ ነግራኛለች። ለቅሶም አይቆጠርም፣ ሠርግም አይቆጠርም፤ ምርቃቱም ከአይሱዙው ጋር እዚያው ሜዳ ላይ ቀርቷል። አባባ ደግሞ ለማስረጃ ይመስል ገና ሞጆ አቅጣጫ ያለችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደኔ ጎንበስ አሉ።

"ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ያ ልጅ ጢሙን ቢሰፋው ይሻለዋል።"

እንግዲህ ተመልሰን እዚያው ነን ማለት ነው።

እታለም ስትገባ መልእክቱን አደረስኩላት። አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሳቋ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ስባ ልብስ ታጥፍ ጀመር።

"ይቆጠራል?" አልኳት።

"ምኑ?"

"የአባባ ምርቃት። መድረክ ላይ እኮ ነው። አይቆጠርም ብለሽኛል።"

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር የምትመልስልኝ ዓይኔን እያየች ነበር።

"ድርሰቱ ላይ ለኔ የተጻፈልኝ ለቅሶ ብቻ ነው። ሁሴን ይመርቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ይዘጋል። አሜን የሚል ቃል የለኝም። አሜኑን ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

"የአባባስ?"

"የሳቸውን እኔ ምን አውቃለሁ" አለችና ሻንጣውን ዘጋችው።

ጠዋት አባባ ከሁላችን ቀድመው ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ሻንጣውን በባጃጅ አስጭነው እኛም ተጭነን መናኸሪያ ደረስን። ወያላው "አዲስ፣ አዲስ፣ አዲስ" ይላል፤ ቆሎና ማስቲካ ሻጮች መስኮት ለመስኮት ይሯሯጣሉ። እታለም ጉልበታቸውን ስማ፣ እኔንና እናቴን አቅፋ ገባች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ።

አባባ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። "ለአክስትሽ ንገሪያት..."

እግሬ እንደልማዱ ተነቃነቀ። ግን አልሄድኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጠራል አይቆጠርም ስል አድሬ ሰልችቶኝ ይሆናል።

"በሰው አፍ አይላክም ብለው የለ?" አልኳቸው።

"እሱ ምርቃት ነው። ይህ ምርቃት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አባባ አዩኝ። እኔ ሌላ ልጅ የሆንኩ ያህል አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ለእናቴ ሰጧትና በሻጮቹ መካከል እየገፉ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እታለም መስታወቱን ስባ ከፈተች። አባባ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በእግራቸው ጣት ቆመው ወደ ውስጥ ተናገሩ። ብዙ አልነበረም። ወያላው እየጮኸ ስለነበር እኔ አልሰማሁም። የእታለምን ፊት ብቻ አየሁ። ሁሴን ፊቱን ሲያዞርባት የምታለቅሰው ለቅሶ አልነበረም፤ ያን በደንብ አውቀዋለሁ፣ በዚያኛው አፍንጫዋ አይቀላም።

ሚኒባሱ ወጣ። አባባ ባዶው ቦታ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔም በዚያች ጠዋት ሥራ ፈታሁ።

በእነዚያ ሁለት ሰዎች መካከል በዚያ ሁዳዴ የተባለውን ሁሉ እኔ ነኝ የተሸከምኩት፤ የበሩን፣ የአቧራውን፣ የእንቁላሉን፣ የጢሙን። ያችን የመስኮቷን ብቻ አላውቃትም። አባባ ከሞቱ በኋላ እታለምን ጠይቄያታለሁ፤ አንዴም አይደለም። ሁልጊዜ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ አንድ መልስ ነው የምትሰጠኝ።

"ላንቺ የተላከ አይደለም።"